ማስተርሴን ልጨርስ ነው፤ ማስተማር ግን ማንም አላስተማረኝም

የከዚራው ዲያቆን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ድሬዳዋ ነው። የነገረ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪዬን አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ስማር ቆይቻለሁ፤ አሁን የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፌን ማስረከብ ነው። ታዲያ እዚሁ ከተማ ያለ አንድ የማታ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከጥቅምት ጀምሮ ምስጢረ ሥጋዌን (የወልድን ሰው የመሆን ምስጢር) ያዝልን ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ግንቦት ላይ መምህሩ ታሞ ለአንድ ቀን ተክቼው ገብቼ ነበር። ርእሱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተከራከረው ጉባኤ ኬልቄዶን ነው። ሦስት ሌሊት ተዘጋጀሁ። 18 ገጽ ማስታወሻ ይዤ ገባሁ። ሰዓቱ 11 ተኩል ነው፤ የድሬን ግንቦት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ማራገቢያው እየዞረም ሰው ላብ በላብ ነው። ተማሪዎቹ ሥራ ውለው የመጡ ናቸው። ካህናት አሉ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ፣ ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቋን ዘግታ በባጃጅ የምትመጣ እህት አለች። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። የጉባኤያቱን ዓመታት፦ 325፣ 381፣ 431፣ 451። ባሕርይ፣ አካል፣ ገጽ። የግሪኩን ፊዚስ (ባሕርይ) እና ሂፖስታሲስ (አካል) ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከፊት የተቀመጠው ልጅ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አጋደመው። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። አየኋቸው። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለማላውቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ።

መጨረሻ ላይ "ጥያቄ ያለው?" አልኩ። ዝም። ወረቀቴን ስሰበስብ አንድ አረጋዊ ቄስ እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ የተናገርከው ትልቅ ነገር እንደሆነ ይታወቀኛል። ግን ነገ ለንስሐ ልጄ ምን ብዬ ልንገራት?" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጥናት ዘዴ ተምሬያለሁ፣ ትርጓሜ ተምሬያለሁ፣ የግርጌ ማስታወሻ እንዴት እንደሚጻፍ ሳይቀር ተምሬያለሁ። ክፍል ገብቶ ሰው ፊት መቆም እንዴት እንደሆነ የሚያስተምር አንድም ኮርስ አልነበረም። ከተመረቅነው አብዛኞቻችን ደግሞ ዞሮ ዞሮ የምንገባው ኮሌጅ ማስተማር ውስጥ ነው። እናንተ እንዴት ለመዳችሁት? በቀረኝ ሦስት ወር ምን ላድርግ? ድኅረ ምረቃ ላይ ያላችሁ መምህራንም ካላችሁ፣ ይህ ነገር ከትምህርቱ ለምን ተለየ? እባካችሁ በቅንነት ንገሩኝ።


አስቀጻዩ፣ ሐረር፦

ዲያቆን፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል። አንተ ያጣኸው ነገር አብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበረ፣ አሁንም አለ። እኛ ግን ኮሌጅ ስንከፍት እዚያው ትተነው መጣን።

እኔ መጻሕፍት ቤት የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ስማር የኔታ ጉባኤ ዘርግተው ካስተማሩ በኋላ ትምህርቱ አያልቅም። ቅጸላ አለ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያሉትን ሰብስቦ የዕለቱን ትርጓሜ እንደገና ያስኬዳቸዋል። እሱ አስቀጻይ ይባላል። ማንም ወንበር ከመትከሉ በፊት ዓመታት ሲያስቀጽል ይኖራል። ማለትም መምህር ከመሆኑ በፊት መምህርነትን የኔታ አጠገብ ሆኖ ይለማመዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀጽል የተባልኩበትን ቀን አልረሳውም። የማቴዎስ ወንጌል ነበር። አንድ ቃል ላይ ደረስኩና አንዱ አንድምታ፣ ማለትም ከትርጓሜዎቹ አንዱ፣ ጠፋኝ። ዘልዬው አለፍኩ። ልጆቹ አላወቁብኝም፣ ወይም መሰለኝ። ማታ የኔታ አስጠሩኝ። "ዛሬ ያልከውን ለእኔ በለኝ" አሉኝ። ስል ስል እዚያ ቃል ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። "ይህን ለምን ዘለልከው?" አሉ። "ጠፍቶኝ ነው የኔታ" አልኩ። "ጠፋኝ ብለህ ለምን አልነገርካቸውም?" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ አልተቆጡም። በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ ትናንት አንድ አንድምታ አልፌባችኋለሁ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የበለጠ ይጠይቁኝ ጀመር።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥርና በቃሉ ይናገራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ሰው ፊት መሳሳትን የሚለምደው በዚያ ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማረ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ወርዶ ምስክር ሳይሆን ወንበር ልትከል ቢል ማን ይሰማዋል? ዛሬ ግን አንድ ወጣት ጽሑፉን ያስረክብና በሳምንቱ 30 ሰው ፊት ብቻውን እንተወዋለን። ያ ልጅ ቢሰናከል ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ አረጋዊው ቄስ ልንገርህ። እሳቸው ምስጢረ ሥጋዌን አያውቁም ብለህ አስበህ ከሆነ ተሳስተሃል። የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም በየሳምንቱ ይደግሙታል። ሙሴ ያያት፣ እሳት እየነደደባት ያልተቃጠለችው ዕፀ ጳጦስ እዚያ አለች። እሳቱ እሳትነቱን አልተወም፣ ቅጠሉም ቅጠልነቱን አልተወም፣ ግን አንድ ላይ ናቸው። ያለመለወጥ፣ ያለመቀላቀል የምትለውን በዚህ ጀምረው። እሳቸው በቃላቸው የያዙትን አስቀድመህ እሳቸው ራሳቸው ይበሉልህ። ከዚያ ወደ 431ዱ ጉባኤ ኤፌሶን ያደረሰው የቄርሎስና የንስጥሮስ ክርክር ስለ ምን እንደነበረ ብትነግራቸው ቦታውን ያገኛል። ፊዚስን ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ሌላም አለ። ታኅሣሥ 19ን አትርሳ። የቁልቢ ሰሞን ክፍሉ ባዶ ነው፤ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ እንግዳ ይቀበላል። ያንን ሳምንት ኮርስህ ውስጥ አታስገባው። ይልቅ ከቁልቢ ሲመለሱ ስለ ስእለት ጠይቃቸው። የሐና ስእለት አለ፣ የዮፍታሔ ስእለት አለ። ኮርስህ ሥጋዌ ቢሆንም አንድ ቀን ለዚህ ብትሰጠው አትጎዳም።


ከጀጎል፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሥነ ማስተማር ነው የማስተምረው፤ በወሬ ወሬ ነው ይህን ገጽ ያገኘሁት። አባታችን ያሉትን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። በእኛም ዘንድ ደረሳው ኪታቡን ሼኹ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል። ሼኹ ይሰማሉ፣ ያርማሉ። ሲበቃው ኢጃዛ ይሰጡታል። ኢጃዛ ደግሞ ተምረሃል የሚል ወረቀት ብቻ አይደለም፣ ይህንን ኪታብ ለሌላ ማስተማር ትችላለህ የሚል ፈቃድ ነው። ሐረር ውስጥ ይህ ለዘመናት የኖረ ነገር ነው። ዲግሪ ግን ማወቅህን ይመሰክራል እንጂ ማስተማርህን ማንም ቁጭ ብሎ አላየውም።

አቦ ወንድሜ፣ ሦስት ወር ብዙ ነው። እኛ ሠልጣኞቻችንን የምናለማምድበት መንገድ አለ፤ ማይክሮ ቲቺንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አታስተምርም። አምስት ሰው ሰብስበህ አንዲት ሐሳብ ብቻ በአሥር ደቂቃ ታስተምራለህ። ይቀረጻል። አብራችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያ ያችኑ ትምህርት አስተካክለህ እንደገና ታስተምራለህ። እንደገና ማስተማሩ ነው ዋናው፤ ብዙ ሰው ቪዲዮውን አይቶ አፍሮ ይተወዋል፣ እዚያ ላይ ነው የሚቀረው። ስልክህ ይበቃል፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግህም።

ሁለተኛ፣ "ጥያቄ ያለው?" ብለህ ስንት ሰኮንድ ጠበቅክ? ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ክፍሎችን ቀርጻ አዳምጣ ነበር። መምህራኑ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰኮንድ ያህል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰኮንድ ሰው ፊት ቆመህ ስትጠብቅ ረጅም ነው ወላሂ። ግን ልመደው። ደግሞ "ጥያቄ ያለው" አትበል። ቀን ሙሉ ቆማ የዋለች ነጋዴ ባልገባት ነገር ላይ ጥያቄ ከየት ታምጣ? አንተ ጠይቃት። ከጎንሽ ላለው ሰው በራስሽ ቃል ንገሪው በላት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሃየር ዲፕሎማ የሚባል የማስተማር ሥልጠና አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተጀመረው። ሥራ ላይ ሆነው ይወስዱታል፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፣ ስላየውም ይነጋገራሉ። የናንተ ኮሌጆች የዚህን ዓይነት ነገር ለራሳቸው ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ የለውም። እኔ በበኩሌ ሐረር ለሚመጣ ግማሽ ቀን ሰጥቼ አሳያለሁ።


የመጽሐፍ ወዳጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አሁን ሁሉም ሥልጠና ሥልጠና ይላል። የእኛ ችግር መምህራን ስልት ማጣታቸው ሳይሆን ዕውቀት ማጣታቸው ነው። ክፍሉን በቡድን እየከፋፈለ፣ እያሳሳቀ፣ ሁለት ሰዓት የሚያሳልፍና አንድም ነገር ያላስጨበጠ መምህር አይቻለሁ። ዲያቆን 18 ገጽ ማዘጋጀቱ ያስመሰግነዋል። ኬልቄዶንን በአሥር ደቂቃ ልትጨርሰው ከሞከርክ የምትናገረው ስሕተት ይሆናል፤ በዚህ ርእስ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ስትዛነፍ ምን እንደምታስከትል ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ለተማሪው ይክበደው። እኛም ከብዶን ነው የተማርነው።


መምህርት ከሳቢያን፦

የመጽሐፍ ወዳጅ፣ ስለ ዕውቀቱ ያልከው እውነት ነው፤ ባዶ ስልት ምንም አይሠራም። "ከብዶን ነው የተማርነው" ያልከው ግን አሳስቦኛል። ከከበዳቸው ስንቶቹ ትተው ሄዱ? እነሱ እዚህ የሉም፣ ሊጽፉልን አይችሉም።

እኔ ወንጌላዊት ነኝ፣ አንድ ትንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ውስጥ ብሉይ ኪዳን ሳስተምር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ፈተናዬን ላጫውታችሁ። ኢዮብን አስተምሬ "የመጽሐፈ ኢዮብን ዋና ዋና ክፍሎች ዘርዝር" አልኩ። ሁሉም ከ80 በላይ አገኙ። ደስ አለኝ። ከወር በኋላ ከተማሪዎቼ አንዱ ልጇን የቀበረች እናት ቤት አብሮኝ ለቅሶ ደረሰ። ተነሥቶ ለእናትየዋ የነገራት ነገር ቃል በቃል የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ነው። ኃጢአትሽን መርምሪ አላት። እናትየዋ አቀርቅራ ነጠላዋን ጠመዘዘችው። እኔ ያ ልጅ ፈተና ላይ 91 ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ፈተናውን ቀየርኩት። "ልጇን ላጣች እናት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ፣ ከኢዮብ ምዕራፍ 3 እና 42 ተነሥተህ" የሚል ነው። ዋናው ነገር ግን ፈተናውን ያዘጋጀሁት ኮርሱን ከመጀመሬ በፊት መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ ምን እንዲያደርጉ እንደምፈልግ ሳውቅ ከማስታወሻዬ ግማሹ ራሱ ወደቀ። ዲያቆን፣ ያንተ ቄስ የጠየቁህ ጥያቄ እኮ ለዚህ ኮርስ የሚሆን የመጨረሻ ፈተና ነው! "ለንስሐ ልጅህ ምን ትላታለህ" ብለህ ጠይቅ። 18 ገጽህን አትጣለው፣ ለሚፈልግ አባዝተህ ስጠው። ክፍል ውስጥ ግን አታንብበው።

ቋንቋንም አትርሳ። ድሬ ነው ያለኸው። የእኔ ክፍል ውስጥ በኦሮምኛ የሚያስቡ አሉ፣ ሶማልኛ የሚቀናቸው አሉ፣ አማርኛው የሁላችን መገናኛ ነው። "አካል" ስትል አንዱ የሚያስበው እጅና እግር ነው። በቋንቋችሁ ይህን ምን ትሉታላችሁ ብለህ ብትጠይቅ የሚመጣው ክርክር ራሱ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ስለ ድኅረ ምረቃው ላነሣኸው፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የወደፊት መምህራንን ማዘጋጀት የሚባል ፕሮግራም አለ። የዶክትሬት ተማሪው ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሌላ ዓይነት ኮሌጅ ይሄዳል፤ እዚያ ያለ መምህር ይይዘዋል፣ የማስተማሩንም የኮሚቴውንም ሥራ ያያል። ለነገረ መለኮትና ለሃይማኖት ትምህርት ብቻ ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ ዋባሽ ማዕከል የሚባል አለ፤ ገና የጀመሩ መምህራንን ሰብስቦ ስለ ማስተማር ያወያያል። የሚረዳው ሊሊ የሚባለው ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እንደነሱ ገንዘብ የለንም፣ ግን አስቀጻይ የሚለውን ቃል እኛ አለን። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ አንድ መንፈቅ ከአንድ ልምድ ካለው መምህር ጋር ይመደብ። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይይ፣ ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ይያዝ፣ ከዚያ ሦስት። መምህሩም ከኋላ ተቀምጦ ይይለት። አዲስ አበባ የሚማረው ልጅ ክረምት ላይ ድሬ ወይም ሐረር ወርዶ ቢያደርገውስ? ደንገጎን ወርዶ ይህን ሙቀት፣ ይህን ድብልቅ ክፍል ቢያየው ስለ ማን እንደሚማር ያውቃል።


አስቀጻዩ፣ ሐረር፦

መምህርት፣ በሃይማኖት ብንለያይም ስለ ለቅሶው ቤት የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ያክብርሽ። ያ ተማሪ አሁን የት ደረሰ?


መምህርት ከሳቢያን፦

አባቴ፣ አሜን። እሱ ራሱ ኋላ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል። አሁን ያገለግላል፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል።


የከዚራው ዲያቆን፦

የዘገየሁት ሳልሞክረው መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጽሐፍ ወዳጅ፣ አንተንም፤ ቃሉ እንዳይዛነፍ ያልከው ሁልጊዜ አብሮኝ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ኒሙ ሥር አምስት ሰው ሰበሰብኩ። እህቴ፣ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ሱቅ ያላት ያቺ ተማሪ፣ እና አረጋዊው ቄስ። እሳቸውን ቤታቸው ሄጄ ነው የለመንኳቸው። ስልኬን ወንበር ላይ አስደግፌ አሥር ደቂቃ አስተማርኩ። ማስታወሻ አልያዝኩም። የሐሙሱን ውዳሴ ማርያም እንዲሉልኝ ጠየቅኳቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሉት። "እሳቱ ቅጠሉን ለምን አላቃጠለውም?" አልኩ። ጠበቅኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መልሱን ራሴ ልናገር አፌ ተከፍቶ ነበር። እህቴ ቀደመችኝ። "ሊያቃጥላት አልመጣማ፣ ሊያድርባት ነው የመጣ" አለች። ሱቅ ያላት ልጅ ደግሞ "ታዲያ ካደረባት ሁለት ናቸው አንድ?" ብላ ጠየቀች። እዚያ ላይ ነው ንስጥሮስ የገባው፣ "ማደር" የሚለው ቃል ለምን እንደማይበቃ፣ ተዋሕዶ ለምን እንዳስፈለገ። ግንቦት ላይ ግማሽ ሰዓት ያነበብኩት ነገር እሷ በጠየቀችው አንድ ጥያቄ ተከፈተ።

ቪዲዮውን ሳየው ሁለት ነገር አገኘሁ። ስናገር የማየው ወንዶቹን ብቻ ነው፣ ጥያቄው ግን ከሴቶቹ ነው የመጣው። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጥሩ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ ብዬ እመልሳለሁ፣ ለሌላው አልወረውረውም። ማክሰኞ ደገምነው። ትንሽ ተሻለ።

ቄሱ ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸው። "አባ፣ አሁን ለንስሐ ልጅዎ ምን ይሏታል?" አልኩ። ትንሽ አሰቡና "ዕፀ ጳጦሷን እነግራትና እሷ ምን እንደገባት እጠይቃታለሁ" አሉኝ።

የኮሌጁን ዲን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ነባሩ መምህር ከኋላ ተቀምጦ እንዲያየኝ ፈቅደዋል። የመጨረሻ ፈተናውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ታኅሣሥ 19 ያለበትን ሳምንት ባዶ አድርጌዋለሁ። ከጀጎል ወንድሜ፣ ግማሽ ቀኑን እውነትህን ከሆነ ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሐረር እመጣለሁ፤ የትኛው ቀን እንደሚመችህ በውስጥ ጻፍልኝ።